ስለ ኮምፒውተር ተማርን እንጂ በኮምፒውተር አልሠራንም

አምና በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ከታዳሚው ጋር ተቀምጬ ነበር። አንዲት ተማሪ ተራዋ ደረሰና ተነሳች። ፍላሿን ላፕቶፑ ላይ ሰካች። ፎልደሩ ሲከፈት ኤልሲዲ ፕሮጀክተሩ ሁሉንም ግድግዳው ላይ አወጣው። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ፋይናል ፋይናል»፣ «የመጨረሻው ፋይናል»። የትኛው እንደሆነ ጠፋት። አንዱን ከፈተች፣ አይደለም። ሌላውን ከፈተች፣ የጓደኛዋ ሆኖ ተገኘ። ከተሰጣት 15 ደቂቃ ስድስቱ በፍለጋ አለቀ። ትክክለኛው ሲገኝ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታን ከስላይዱ ላይ ማንበብ ጀመረች። ፊደሉ ደቃቅ ነው። እኔ ከተቀመጥኩበት አንድ መስመር እንኳ አይነበብም።

ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም። ከፈታኞቹ አንዱ አዘኑላትና «ስላይዱን ተይው፤ ያገኘሽውን በራስሽ ቃል ንገሪን፣ በአማርኛም ይሁን» አሏት። ዞር አለች። የጉሊት ነጋዴ ሴቶች ከባንክ ይልቅ ዕቁብን ለምን እንደሚመርጡ አስረዳችን። ገበያ ውላ ያነጋገረቻቸውን እናቶች እያነሳች፣ ቁጥሩን በቃሏ እየጠራች። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። ያኔ ግን ሰዓቷ አልቆ ነበር።

ያን ቀን የተናደድኩት በእሷ አይደለም። ከ12 ዓመት በላይ ትምህርት ቤት ውላ ሦስት ነገር ያስተማራት ሰው አልነበረም። ሰው ፊት ቆሞ ሐሳብን ማስረዳት፣ የራስን ሥራ በወጉ ማስቀመጥ፣ ኮምፒውተርን ለሥራ መጠቀም። ሦስቱም ሲመረቁ በራሳቸው የሚመጡ ይመስለናል። አይመጡም።

እርግጥ በወረቀት ደረጃ ኮምፒውተር ተምራለች። አይሲቲ የሚባል ትምህርት አለ፣ መጽሐፍም አለው። የኮምፒውተር ትውልዶችን በቅደም ተከተል ታውቃለች። ሃርድዌርና ሶፍትዌርን ትለያለች። «ኤክሴል ምንድን ነው?» ተብሎ በምርጫ ሲመጣ ትክክለኛዋን ፊደል ታከብባለች። ኤክሴልን ከፍታ አንድ ሠንጠረዥ ሠርታ ግን አታውቅም። ፈተናው በወረቀት ነውና ማንም አልጠየቃትም። የኮምፒውተር ክፍል ቢኖርም በብዙ ትምህርት ቤት ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ማሽኖቹ ጨርቅ ለብሰው አቧራ ይጠጣሉ። እንዳይበላሹ ነው የሚባለው። ሳይነኩ ያረጃሉ።

አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ አይሲቲ የለም። ፈተና ላይ የማይመጣ ትምህርት ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ወይም ለፊዚክስ ማካካሻ ይሰጣል።

የሚያሳዝነው፣ ፈተናው ራሱ ወደ ስክሪን ገብቷል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የሚወስዱት ኮምፒውተር ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ይሰጣል። እስቲ አስቡት፤ ማውዝ በወጉ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ የዕድሜ ልኩን ዕድል በማውዝ ሊወስን ይቀመጣል። ጎኑ ያለው የከተማ ልጅ ግን ቤቱ ላፕቶፕ አለው። ሁለቱ በዕውቀት እኩል ቢሆኑ እንኳ በፈተናው እኩል አይደሉም።

«የዘንድሮ ልጆች እኮ ቴክኖሎጂ አብሯቸው ተወልዷል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ስልክ ላይ ጎበዞች ናቸው፣ እውነት ነው። ስልክ ላይ መቀልጠፍና በኮምፒውተር መሥራት ግን ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2018 በተለያዩ አገሮች የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የኮምፒውተርና የመረጃ ችሎታ ተለክቶ ነበር። አብዛኞቹ ተሳታፊ አገሮች ሀብታሞች ናቸው። ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሱት ከ100 ተማሪ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸው ፎልደር ምን እንደሆነ እንደማይገባቸው ሲናገሩ ተሰምቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስልኩ ፋይሉን ይደብቀዋል። የት እንዳለ ማወቅ አያስፈልግም፣ ፈልግ ስትለው ያመጣልሃል። እኛ ዘንድ ደግሞ ቴሌግራም አለ። የአራት ዓመት ትምህርት ቴሌግራም ላይ ይከማቻል። ሃንድአውቱ፣ የጓደኛ ማስታወሻ፣ የአሳይመንት ረቂቅ፣ ዲግሪው ራሱ ስካን ተደርጎ፤ ሁሉም ከቀልድ ቪዲዮ ጋር ተደባልቆ። ስልኩ የተሰረቀ ቀን ወይም ኔት የጠፋ ቀን ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል።

ፋይል ማደራጀት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ከሦስቱ ቀድሞ መማር ያለበት እሱ ነው እላለሁ። ማስተማሩም ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ፎልደር። በፋይሉ ስም ላይ ቀኑ፣ ትምህርቱና የባለቤቱ ስም። ቀኑ ከዓመተ ምሕረት ይጀምር፣ ወሩ ይከተል፣ ከዚያ ዕለቱ። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። እዚህ ላይ ከኛ ሌላ ብዙ አገር የሌለበት ጣጣ አለብን። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እኛ የምንኖረው በራሳችን። «2017» የሚል ፋይል ያምና ካቻምናው ይሁን የስምንት ዓመት በፊቱ ማን ያውቃል? ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ስሙ ላይ መጻፍ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት መሆን አለበት።

60 ተማሪ አሳይመንቱን ሲልክ 40ው «አሳይመንት» ብሎ እንደሚልክ ማንኛውም መምህር ይነግራችኋል። ቀሪው «ዶክመንት 1» ነው፣ ወይም ካምስካነር የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ራሱ የሰጠው ስም። ይኸው ልጅ ነገ የሥራ ማመልከቻውን በዚሁ ስም ይልከዋል። ቀጣሪው 300 ማመልከቻ ደርሶታል። ስም የሌለውን ከፍቶ የማን እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ የለውም።

ፍላሽንም ላንሳ። ተማሪ ሆኖ ቫይረስ ፋይሉን ወደ ሾርትከት ያልቀየረበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ፕሪንት ለማድረግ አንድ ቤት ይገባል፣ ሲወጣ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ደንግጦ ፎርማት ያደርገዋል፣ ሥራው በዚያው ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ግን ፋይሉ አልጠፋም ነበር። ቫይረሱ ደብቆት ነው። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን መጫን ብዙዎቹን ይመልሳል፣ እምቢ ካለም በአንዲት መስመር ትእዛዝ ማውጣት ይቻላል። ይህን የሚያውቅ አንድ ልጅ በዶርም ውስጥ እንደ ሐኪም ይታያል። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ትምህርት ነበር። ከዚያ በላይ ግን ልምዱ ነው የሚያድነው። ሥራህ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኑር፣ አንዱ ከእጅህ ውጭ። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፣ ለጽሑፍ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። መብራት ሲሄድ የአንድ ቀን ድካም እንዳይሄድ በየአንቀጹ ሴቭ ማድረግም እጅ የሚለምደው ነገር ነው። ለእኛ አገር ተማሪ ይህ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል።

አማርኛ መጻፍስ? የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያነቡት የፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ከነፊደሉ ይመጣል። ሆኖም ዛሬም በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ይደርሰናል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቁ ይወጣል። ተማሪው ምክንያቱን ስለማያውቅ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ይላል። አማርኛ ቶሎ መተየብ የማይችለው ብዙው ነው። ስለዚህ በእጁ ጽፎ ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ በገጽ ይከፍላል። ማውጫውን የምትሠራለት ጸሐፊዋ ናት። እሷም ነጥብ በነጥብ እየደረደረች የገጹን ቁጥር በእጅ ትጽፋለች። አድቫይዘሩ አንድ አንቀጽ ጨምር ያሉት ዕለት ማውጫው በሙሉ ይዛባል፣ እንደገና ክፍያ። ርዕሶቹ በወርድ የርዕስ ስታይል ቢሠሩ ማውጫው በአንድ ጠቅታ ይታደሳል። እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የነገረኝ የለም።

ኤክሴልም እንዲሁ። በካልኩሌተር እየደመሩ ውጤቱን ኤክሴል ላይ የሚጽፉ ባለዲግሪዎች አይቻለሁ። ኤክሴልን እንደ ባለመስመር ወረቀት ነው የሚያዩት። ይህን ለማስተማር የፈረንጅ የሽያጭ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። የሰፈሩን ዕድር ወይም የእናቱን ዕቁብ መዝገብ ይዞ ይምጣ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ድምሩ ስንት ነው፣ ዕጣው ለማን ደረሰ። አንድ ስህተት ሲስተካከል ድምሩ በራሱ ሲለወጥ ያየ ልጅ ኤክሴል ምን እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳም። ዕድሩም ንጹሕ መዝገብ ያገኛል።

ሰው ፊት መናገርን በተመለከተ ታሪካችን ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል «ዝም አይነቅዝም» የምንል ሰዎች ነን። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለንም ልጅን ከጨዋታ እናስወጣለን። ክፍል ውስጥ ጨዋ የሚባለው ዝም ያለው ነው። በሌላ በኩል ግን በላ ልበልሃ የኛ ነው። ተሟጋቾች በአደባባይ ቆመው፣ ነገር እያሳመሩ፣ ተጠየቅ እያሉ ይከራከሩ ነበር። መንገደኛ እንኳ ቁጭ ብሎ ይፈርድ ነበር። ቅኔ ቤትም የኛ ነው። ተማሪው ቅኔውን በሐሳቡ ይቆጥራል፣ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፣ ያፈርሳሉ፣ መልሰው ያቃናሉ። ጓደኞቹ ይሰማሉ። ነገም እንደገና ይቀርባል። ልብ በሉ፣ አንዴ ቀርቦ ማርክ ይዞ አይወጣም። ደጋግሞ ነው የሚቀርበው። ከዛሬው የክፍል ፕሬዘንቴሽን የጎደለው ይህ ድግግሞሽ ነው።

ዛሬ የሚሆነውን እናውቃለን። የግሩፕ ሥራ ይሰጣል። ስድስት ልጆች ይመደባሉ፣ አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ «ስሜን አስገባልኝ» ይላሉ። የሚያቀርበው ያው አንዱ ነው። ሌሎቹ ዓመቱን ሙሉ አፋቸውን ሳይከፍቱ ያልፋሉ። መምህሩም አይፈረድባቸው፣ ክፍሉ ሞልቶባቸው ነው። ግን ማርኩ የተሰጠው ላልተሠራ ሥራ ነው።

ቋንቋውም አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፕሬዘንቴሽኑም። እንግሊዝኛው የሚያስፈራው ልጅ መሸሸጊያው ስላይዱ ነው። ከመጽሐፉ አንቀጽ ገልብጦ ይለጥፋል፣ ዞሮ ያነባል። እኔ የምለው መጀመሪያ አፉን በፈታበት ቋንቋ ይናገር። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛም ይሁን ትግርኛ። ነገሩን ማስረዳት ሲለምድ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይድገመው። ሁለት ፍርሃት በአንድ ቀን ማሸነፍ ይከብዳል። የጉሊቷን ጥናት የሠራችው ልጅ ያዳናት ቋንቋዋ ነበር። ግን ስድስት ደቂቃ ቀድሞ ቢፈቀድላት ኖሮ!

ስላይድ ላይ የተጨናነቀ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ቢያሰለች ነው፣ ሌላ ቦታ ግን ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። ጥር 1995 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ስትነሳ ከነዳጅ ታንኩ የተገነጠለ ፎም ግራ ክንፏን መታው። መሐንዲሶች ጉዳቱን መርምረው ለናሳ ኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርዕስ የሚያጽናና ነበር። ዋናው ነገር ግን ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ነው ያለው። በሙከራ የተፈተሸው ቁራጭ 3 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን የመታው 1,920 እንደሚገመት። 640 እጥፍ ማለት ነው። መንኮራኩሯ ስትመለስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፣ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። የአደጋው መርማሪ ቦርድ ቴክኒካዊ ዘገባ ቀርቶ በስላይድ መነጋገርን ከችግሮቹ መካከል አንስቶታል። ተማሪ ይህን ታሪክ ሲሰማ «ዋናውን ነገር ከላይ፣ በትልቁ፣ አንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ» የሚለው ምክር ለምን እንደሚነገረው ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ስላይዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ይሠራዋል። አንዳንዱ ይህን ሲያይ «ታዲያ ምን ያስተምሩታል?» ይላል። እኔ ተቃራኒው ይታየኛል። ያማረ ስላይድ ከእንግዲህ ምንም አያረጋግጥም። ልጁ ነገሩን ማወቁ የሚታየው ከስላይዱ ወጥቶ ሲናገርና ጥያቄ ሲመልስ ነው።

መንግሥት ዝም አላለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኢሚሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፊዎች፣ ሥልጠና ተጀምሯል። በነጻ ነው፣ ብዙ ወጣትም ተመዝግቧል። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ኮዲንግ ከመጀመሩ በፊት አውርዶ ያስቀመጠው ፋይል የት እንደገባ የሚያውቅ ልጅ ያስፈልጋል። የሥልጠናውን ሰርተፍኬት አግኝቶ ሥራ ሊያመለክት ሲል ፋይሉን ያጣው ልጅ አውቃለሁ። መሠረቱ ሳይጣል ጣሪያው ላይ ነን።

ከዚህ በፊትም በመሣሪያ ሞክረን ነበር። በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባላቸው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። መምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ቀሪውን ቴሌቪዥኑ ይናገራል። ያኔ የተማረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ስክሪኑ ሳይጠብቀን ያልፍ ነበር። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ስክሪን እያየ ውሎ ስክሪን አይነካም፣ ቃልም አይተነፍስም። ስለዚህ አሁን «ኮምፒውተር ይግዛልን» ብቻ ስንል እፈራለሁ። ኮምፒውተሩ ያስፈልጋል፣ አዎ። ግን ልጁ የሚሠራበት ሥራ ከሌለው ያው ፕላዝማ ነው የሚሆነው።

ሥራው ከየትምህርቱ ይምጣ። የባዮሎጂ መምህር የቤተ ሙከራውን ውጤት በሠንጠረዥ ይጠይቁ። የታሪክ መምህር ከሰፈር ሽማግሌ የተሰማ ታሪክ በአማርኛ ተተይቦ፣ ስሙ በወጉ ተጽፎ ይምጣልኝ ይበሉ። ኮምፒውተር የሌለበት የገጠር ትምህርት ቤትም አይቅር። ሐሳብን ሦስት ነጥብ ላይ አውጥቶ ትልቅ ወረቀት ላይ መጻፍና ሰው ፊት መቆም መብራት አይጠይቅም። ደብተርን በርዕስ፣ በቀንና በገጽ ቁጥር ከነማውጫው መያዝ የለመደ ልጅ ፎልደር ሲያገኝ አይደናገርም።

«ክፍሌ 60 ተማሪ ነው፣ እንዴት ይሆናል?» ላለኝ አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ወዳጄ ወረቀት አውጥቼ አስልቼለታለሁ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሦስት ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ከክፍሉ አንድ አንድ ጥያቄ። ከ40 ደቂቃው 12 ቢወስድ ነው። ለልጁ የሚሰጠው ያለፈውን ትምህርት በራሱ ምሳሌ ማስረዳት ስለሆነ ክለሳውም በዚያው ተሠራ። በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ካለ 60ውም በአምስት ሳምንት ይዳረሳሉ። በአንድ ሴሚስተር እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይቆማል። መምህሩ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ሞከረው። በመጀመሪያው ዙር ብዙዎቹ ወለሉን እያዩ ነበር የተናገሩት። ሁለተኛው ላይ ሰሌዳውን መጠቀም ጀመሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ከኋላ ወንበር የማትነሳ አንዲት ልጅ ስለ ዋጋ ንረት ልታስረዳ የእናቷን የጤፍ ሸመታ ሒሳብ ከመስከረም እስከ ጥር በወር በወር ጽፋ ይዛ መጣች። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ክፍሉ «ትቀጥል!» አለ።